የከሸፈ ጥይት አልሞተም

"ጥላኝ ሄደች"፣ "ስልኬን አያነሳም" በሚሉ ጥያቄዎች ተጨናንቆ ለከረመው ዓምዳችን በዚህ ሳምንት ወጣ ያለ ደብዳቤ ደርሶታል። ላኪዋ የአራዳ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ 22። በጠየቀችን መሠረት ስሟንም የቤተሰቧንም ነገር ትተነዋል። ደብዳቤዋ አጠር ብሎ እነሆ፦

"ሰላም ላንተ ወንድሜ። ተወልጄ ያደግሁት ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። ቤታችን ሊፈርስ ስለሆነ ዕቃ እያወጣን ነው። ታዲያ ከአልጋ ሥር ከነበረው የአያታችን የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ፣ ከድሮ ደብዳቤዎቻቸው ጋር፣ በጨርቅ የተቋጠረ 11 ጥይት አገኘን። አያታችን ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ጠመንጃው ቤታችን የለም፣ የት እንደገባም የሚያውቅ የለም። ከጥይቶቹ ሦስቱ ቂጣቸው ላይ ተወግተዋል፤ ግን አልተተኮሱም። ታናሽ ወንድሜ 'እነዚህ የከሸፉ ናቸው፣ ሞተዋል፣ አንዷን በስቼ አንገቴ ላይ አንጠለጥላታለሁ' ይላል። እማዬ 'ፖሊስ ሳያይብን ወንዝ ወስዳችሁ ጣሉልኝ' እያለች እንቅልፍ አጥታለች። ጎረቤታችን ደግሞ 'ነሐስ እኮ ነው፣ ለቁራሌው ሽጡት' ይሉናል። ማንን ልስማ?"

እህታችን፣ መልሱን ከፊት እናስቀምጠው፦ ሦስቱንም አትስሚ! ወንድምሽ ስለ ጥይት አልገባውም፤ እናትሽ በፍርሃት ነው የሚናገሩት፤ ጎረቤታችሁ ደግሞ የሰው ልጅ እጅ ሊያስቆርጡ ነው። አሁን ወደ ምክንያቱ እንግባ። አንቺ ብቻ አይደለሽምና ሌሎቻችሁም ጆሮ ስጡን።

"ከሸፈ" ማለት ምን ማለት ነው?

እኛ የከተማ ልጆች ይህችን ቃል እንወዳታለን። ፕሮግራም ከሸፈ፣ ቀጠሮ ከሸፈ፣ ቢዝነስ ከሸፈ እንላለን። ስንል ግን "አለቀ፣ ተቆረጠ፣ እርምህን አውጣ" ማለታችን ነው። በጥይት ቤት እንዲህ አይደለም። የከሸፈ ጥይት ማለት ቃታ ተስቦበት፣ መርፌው መትቶት፣ ያልጮኸ ጥይት ነው። አልጮኸም እንጂ ባሩዱ አሁንም ሆዱ ውስጥ ነው። አረሩም አፉ ላይ እንደተሰካ ነው። ቁጣውን ውጦ የተቀመጠ ሰው አድርጋችሁ ቁጠሩት። ዝም አለ ማለት ታረቀ ማለት አይደለም!

አንድ ጥይት የአራት ነገር ስብስብ ነው። አንደኛው ቀለሃው ነው፤ ያ የነሐሱ ዕቃ። ሁለተኛው ውስጡ ያለው ባሩድ ነው። ሦስተኛው ከፊት የተሰካው አረር ነው፤ ሄዶ የሚመታው እሱ ነው። አራተኛዋ ትንሿ ናት፤ በቀለሃው ቂጥ መሐል ያለች ክብ ነገር። እስቲ መለኮሻ እንበላት። የክብሪት ጫፍ በሏት። የጠመንጃው መርፌ ሲመታት ውስጧ ያለው ቅመም ይነዳል፣ እሳቱን ወደ ባሩዱ ይረጫል። ባሩዱ በቅጽበት ነዶ ጋዝ ይሆናል። ጋዙ መውጫ ሲያጣ አረሩን በአፈሙዙ አስፈንጥሮ ያስወጣዋል። ነገሩ ይኸው ነው።

ታዲያ ለምን ይከሽፋል? አንዳንዴ የጠመንጃው መርፌ አርጅቶ በደንብ አይመታም። አንዳንዴ እርጥበት ወይም ዘይት መለኮሻዋን አበላሽቷታል። አንዳንዴ ባሩዱ ራሱ ከዕድሜ ብዛት ተበላሽቷል። ከውጭ ሆኖ አይቶ የትኛው እንደሆነ መናገር አይቻልም። የመጀመሪያው ከሆነ ጥይቱ ሙሉ ጤነኛ ነው ማለት ነው! ሌላ ደህና መርፌ ቢያገኘው ይጮሃል። መርፌ ብቻም አይደለም፤ ሚስማርም መርፌ ነው፣ መዶሻም መርፌ ነው፣ የሐብል ቀዳዳ መብሻ ድሪልም መርፌ ነው። ወንድምሽ ይህቺን ደጋግሞ ያንብብልን።

ባለሙያዎቹ ምን ያደርጋሉ?

ዒላማ ተኩስ በሌላው ዓለም ትልቅ ስፖርት ነው። የሚገርማችሁ፣ አያቶቻችን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከተኮሱ ገና አንድ ወር ከትንሽ ሲሆነው አቴንስ ላይ የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሎምፒክ ተከፈተ፤ ተኩስ ከውድድሮቹ አንዱ ነበር። እዚህ ስፖርት ክበብ ውስጥ የሚገባ ሰው ገና ዒላማ ሳይመታ የሚማረው ስለ ከሸፈ ጥይት ነው።

ትምህርቱ እንዲህ ነው። ቃታ ሳብክ፣ "ቀጭ" አለ፣ ዝም አለ። እንዳትነቃነቅ! አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደዞረ ይቆይ። አዙረህ ውስጡን አትይ። ፈጥነህም ጥይቱን አታውጣ። ቢያንስ 30 ሰከንድ ቆጥረህ ጠብቅ፤ አንዳንድ ቦታ አንድ ደቂቃ ሙሉ ያስቆጥራሉ። ለምን? አንዳንዱ ጥይት አይከሽፍም፣ ይዘገያል። መለኮሻዋ ቀስ ብላ ትግላለች፣ ከዚያ በድንገት ባሩዱን ታያይዛለች። አብዛኛውን ጊዜ መዘግየቱ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው። ያን ጊዜ ግን አፈሙዙ ወደ ጓደኛህ ዞሮ ቢሆንስ?

ሌላ ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ ይሄ ደግሞ ተንኮለኛው ነው። ጥይቱ ይተኮሳል፣ ድምፁ ግን ይደክማል፤ "ጷ" በማለት ፈንታ "ጱፍ" ይላል። ባሩዱ አንሶ ወይም ሳይኖር ቀርቶ አረሩ አፈሙዙ ውስጥ መሐል መንገድ ላይ ተሰንቅሮ ቀርቷል። ሰውየው ነገሩ ሳይገባው ሁለተኛ ጥይት ከተኮሰ የኋለኛው አረር ከፊተኛው ጋር ይላተማል፤ ብረቱ ተኳሹ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ የደከመ ድምፅ የሰማ ተኳሽ ወዲያው ማቆም አለበት። መሣሪያው ተፈትቶ አፈሙዙ ሳይታይ አይቀጥልም።

የከሸፈው ጥይት ከጠመንጃው ከወጣ በኋላስ? ዋናው ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው። ኪስ ውስጥ አይገባም። ከደህናዎቹ ጥይቶች ጋር አይቀላቀልም። ከባዶ ቀለሃዎቹ ጋርም አይጣልም፤ ባዶ መስሎት የሚያነሳው ሰው አለና። ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥማ ፈጽሞ! "የከሸፈ" ተብሎ የተጻፈበት ለብቻው የተዘጋጀ ሳጥን አለ፣ እዚያ ይገባል። የቦታው ኃላፊ ሰብስቦ ለሠለጠኑ ሰዎች ያስረክባል፤ እነሱም ለዚሁ በተሠራ ምድጃ ወይም ከሰው በራቀ ቦታ በሥርዓት ያስወግዱታል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከዕለታት አንድ ቀን የተመረተ፣ አዲስ፣ ታሪኩ የሚታወቅ ጥይት እንኳ እንዲህ ከተፈራ፣ ከአልጋ ሥር ስንት ዘመን የተኛ የአያት ጥይት ምን ያህል ሊፈራ ይገባዋል?

አራዳ ቤት ውስጥ ጥይት ምን ይሠራል?

የፒያሳ ቤት ተራ ቤት አይደለም። ስንት ዘመን አልፎበታል! የዓድዋ ዘመን ውጅግራ፣ ከዚያ ምንሽር፣ ከዚያ ዲሞትፈር በየግድግዳው ተሰቅሎ የኖረበት አገር ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን ከተማዋን ሲይዝ የደበቀ ደበቀ። በ1969 ዓ.ም. ደርግ መሣሪያ ፍለጋ ቤት ለቤት አሰሳ ሲያደርግ መጽሐፉንም ጥይቱንም ጓሮ የቀበረ፣ ሽንት ቤት የጨመረ ብዙ ነው ይሉናል ታላላቆቻችን። በ1983 ደግሞ መንግሥት ሲወድቅ መሣሪያ እንደ ዕቃ በየሰፈሩ ተበተነ።

ይህ ሁሉ በየሳጥኑና በየግድግዳው ተቀምጦ ይኖር ነበር። አሁን ግን ቤቱ ራሱ ተነሳ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመረቀ፤ ብዙም ሳይቆይ በዚያው ዓመት በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የዶሮ ማነቂያና የአካባቢው ቤቶች ፈረሱ፣ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ዳር ሄደ። ቤት ሲፈርስ ሳጥን ይከፈታል። ሳጥን ሲከፈት ደግሞ የአያት ምስጢር ይወጣል። የእህታችን ጥያቄ የእሷ ብቻ አይደለም ያልነው ለዚህ ነው።

ጥይቱ ብዙ በአንድ ቦታ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ይህች ከተማ ታውቃለች። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይትና የፈንጂ ማከማቻ ፈንድቶ ብዙ ሰው ፈጅቷል። የ1977ቱን ረሀብ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው የፊልም ባለሙያ መሐመድ አሚን ግራ እጁን ያጣው እዚያ ነው። ባልደረባው ጆን ማታይም እዚያው ሞተ። እርግጥ 11 ጥይት መጋዘን አይደለም። ጠባዩ ግን አንድ ነው፤ እሳትና ምት ካገኘ ዘመዱን አይጠይቅም።

አይሆንም የምንላቸው መንገዶች

አንደኛ፣ ወንዝ። እማማ፣ እርስዎን ነው! የዛሬ ጥይት መለኮሻውና አንገቱ ውሃ እንዳያስገባ ተብሎ ይታሸጋል። ውሃ ውስጥ የከረመ ጥይት ወጥቶ ሲተኮስ ታይቷል። ወንዙ ደግሞ የማንም አይደለም ብለን ብንጥልበትም ልጆች ይራጩበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ ወረድ ሲል አትክልት ይጠጣዋል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የወንዙ ዳር በልማት ይቆፈራል። ዛሬ የጣሉት ነገ የአንድ የቀን ሠራተኛ አካፋ ሥር ነው።

ሁለተኛ፣ ሽንት ቤትና ጓሮ። መቅበር መደበቅ እንጂ ማስወገድ አይደለም። ግቢው ለሌላ ሰው ይተላለፋል፣ ኤክስካቫተር ይገባል። እናንተ የረሳችሁትን መሬቱ አይረሳም።

ሦስተኛ፣ ቁራሌው። ይሄ ነው በጣም የሚያሳዝነን። ጠዋት ጠዋት በየሰፈራችን "ቁራሌው!" እያለ የሚዞረው ልጅ ጥይቱን በኪሎ ገዝቶ ወደ መርካቶ ይወስደዋል። ምናለሽ ተራ ደርሳችሁ ታውቃላችሁ? ብረት የሚቀጠቀጥበት ነው፤ ቀኑን ሙሉ መዶሻ ነው። እዚያ ባዶ ቀለሃ መስሏቸው አንዷን ቢመቷትስ? ወይም ከነሐስ ጋር ለመቅለጥ እሳት ውስጥ ብትገባስ? የሚከፍለው የእኛ ቤት ልጅ አይሆን ይሆናል፤ የሰው ቤት ልጅ ግን ነው። ለጥቂት ብር!

አራተኛ፣ ቆሻሻ ገንዳ። ይህም ያው ነው። የከተማችን ቆሻሻ መድረሻው ቆሼ ነው። እዚያ በእጃቸው እየፈተሹ የሚኖሩ ወገኖቻችን እንዳሉ መጋቢት 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰው የሞተ ጊዜ ሁላችንም አይተናል። እዚያው ረጲ ላይ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተሠራው ጣቢያ ደግሞ በ2010 ዓ.ም. ተመርቋል። ስለዚህ ገንዳ ውስጥ የጣሉት ጥይት ወይ ሰው እጅ ወይ እሳት ውስጥ ነው የሚገባው።

አምስተኛ፣ ማቃጠል። በፊልም እንደምናየው ከእሳት የወጣ ጥይት እንደ ጠመንጃ ጥይት አይበርም፤ አፈሙዝ የለውምና ጋዙ በየአቅጣጫው ይበተናል። ግን ቀለሃው ተቀዶ ስባሪው፣ መለኮሻዋም ተነቅላ በኃይል ይፈናጠራሉ። ሰው አይገድልም ብላችሁ ከሰል ላይ ብትጨምሩት ዓይናችሁን ሊያወጣ ይችላል።

ስድስተኛ፣ ፈትቶ ባሩዱን ማውጣት። በፒንሳ አረሩን ነቅሎ ባሩዱን የሚደፋ "ጀግና" በየሰፈሩ አይጠፋም። ባሩዱ ቢደፋም መለኮሻዋ ያው አለች፤ እጅ ላይ ለመጮህ እሷ ብቻዋን ትበቃለች። በዚያ ላይ የድሮዎቹ መለኮሻዎች ሜርኩሪ፣ የኋለኞቹ ደግሞ እርሳስ ያለበት ቅመም አላቸው። ሁለቱም መርዝ ናቸው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ቀላል ነው፤ ግን በእርጋታ።

አሁን ያሉበት ይቀመጡ። ደጋግማችሁ አትነካኩ፣ አታጥቡ፣ አትወልውሉ፣ አታንኳኩ። ሳጥኑ ከምድጃ፣ ከከሰል፣ ከፀሐይ ይራቅ። ልጆች ካሉ ክፍሉ ይቆለፍ። ዕቃ የሚያወርዱ ሠራተኞች ሳጥኑን እንዳይወረውሩት ንገሯቸው።

ጥይቱን ይዛችሁ ወደ ጣቢያ እንዳትሄዱ! ይህን በሁለት መስመር አስምሩበት። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያም ጥይትም መያዝን ይከለክላል። ታክሲ ውስጥ ፍተሻ ቢገጥማችሁ "ልሰጥ እየሄድኩ ነው" ማለት እውነት ቢሆንም ማስረዳቱ ይከብዳል። ጥይቱም ኪስ ውስጥ መንገድ ላይ ሊንገላታ አይገባም።

ስለዚህ ባዶ እጅ ሂዱ። ከቤተሰቡ ትልቅ ሰው፣ በተለይ ጥይቱ የማን እንደነበረ የሚያውቅ፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ወይም ወደ ሰፈራችሁ ኮሚዩኒቲ ፖሊስ ይሂድ፤ ወይም 991 ይደወል። የሚባለው አጭር ነው፦ "ቤታችን ሊፈርስ ዕቃ ስናወጣ ከሟች አባታችን ሳጥን ውስጥ ያረጁ ጥይቶች አገኘን፤ ሦስቱ የከሸፉ ናቸው፤ አልነካካናቸውም፤ መጥታችሁ ውሰዱልን።" የከሸፉ መኖራቸውን መናገር አትርሱ፤ የሚወስደው ሰው አያያዙን እንዲያውቅ ነው። ሲወስዱ ብዛቱ ተቆጥሮ፣ ቀኑ ተጽፎ፣ የተረከበው ሰው የፈረመበት ወረቀት ጠይቁ። ጎረቤት ወይም የዕድር ሰው ምስክር ሆኖ ቢቆም ደግሞ ማለፊያ ነው።

"እሺ፣ ይዘው ቢያስሩንስ?" ትሉ ይሆናል። የእናትሽም እንቅልፍ ማጣት እዚህ ጋ ነው፤ አንፈርድባቸውም። መሣሪያ ፍለጋ ቤት ሲንኳኳ ያደገ ትውልድ ፖሊስ ጠርቶ "ጥይት አለኝ" ማለት ቢከብደው አይገርምም። እንዲህም ሆኖ አስቡት፤ ራሱ ሄዶ ያመለከተና ሲፈተሽ የተገኘበት ሰው አንድ አይደሉም። ዝም ያለ ሰው በየቀኑ ነው የሚፈራው፣ የተናገረ አንድ ቀን። በጣም ከሰጋችሁ መጀመሪያ የሕግ ሰው አማክሩ። ወንዝ ግን የሕግ ሰው አይደለም!

ከጥይት ሌላ ነገር ብታገኙስ? የእጅ ቦምብ፣ የመድፍ ወይም የሞርታር ጥይት፣ ምን እንደሆነ የማይታወቅ የዛገ ብረት? እዚያ ጋ ጨዋታ የለም። አትንኩ፣ አታንሱ፣ ሳጥኑንም አትግፉ። ሰው አስወጡ፣ በሩን ዝጉ፣ ራቁ፣ ከዚያ ደውሉ። የዛገው ከአዲሱ ይብሳል እንጂ አይሻልም።

ለታናሽ ወንድም አንድ ቃል

ወንድማችን፣ የአያትህን ነገር አንገትህ ላይ ማድረግ መፈለግህን አልጠላንም። ከጥይት የተሠራ ጌጥም በአገራችን አለ፤ እንጦጦ አካባቢ የሚኖሩ ሴቶች ባዶ ቀለሃ አቅልጠው ጨሌ እየሠሩ ኑሯቸውን የደገፉበት ሥራ ታውቋል። ልብ በል፤ ባዶ ቀለሃ ነው! የተተኮሰ፣ ሆዱ ባዶ የሆነ። አንተ ግን ልትበሳ የፈለግኸው ሆዱ የሞላውን ነው። እሷን አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ ፒያሳን ብትዞር አራዳ አይሉህም፣ ፋራ ይሉሃል። ፍተሻ ላይ ደግሞ ሌላ ስም አለ።

የአያትህን ማስታወሻ ከፈለግህ ሳጥኑ አለ፣ ደብዳቤዎቹ አሉ። አንብባቸው። ጥይቱ ያልነገረህን እነሱ ይነግሩሃል።

እናንተም አንባብያን፣ ዕቃ ስታወጡ ከአልጋ ሥርና ከቁምሳጥን ላይ ያለውን በጨለማ አትዳብሱ፤ መብራት ይዛችሁ፣ ትልቅ ሰው ጠርታችሁ ክፈቱት። ሳምንት ወደ ለመድነው የፍቅር ጣጣችን እንመለሳለን፤ እሱም የከሸፈ አይጠፋበትም። እስከዚያው ቸር ይግጠመን!